የኢንሱሊን ፓምፕ የተተከለበት ቦታ ሲያቃጥልና ሲያሳክክ፦ ልቻለው ወይስ ልንቀለው?

ጥያቄው፦

«ሲስተር፣ እንደምን አሉ። ዕድሜዬ 27 ነው። ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት ናቸው። ዓይነት 1 ስኳር ከያዘኝ 16 ዓመት ሆነኝ። የዛሬ ስምንት ወር እህቴ ከውጭ የኢንሱሊን ፓምፕ፣ ኢንሱሊንን ቀን ከሌት ከቆዳ ሥር የሚለቀውን ትንሽ መሣሪያ፣ ላከችልኝ። ስኳሬ እንደዚያ ተስተካክሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የተተከለበት ቦታ አስመርሮኛል። ለምግብ ኢንሱሊን ስሰጥ ያቃጥለኛል። ፕላስተሩ ሥር ያሳክከኛል። ደግነቱ ከእምብርቴ በስተግራ አንድ የማያመኝ ቦታ አግኝቻለሁ። ትንሽ አበጥ ቢልም እሱን ነው የማዘወትረው። ቆዳዬ ላይ የሚተከለው መለዋወጫ እንዳያልቅብኝ ደግሞ አንዱን አምስት ስድስት ቀን አቆየዋለሁ። ሰሞኑን ስኳሬ ያለ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል። ልቻለው ወይስ ነቅዬ ወደ መርፌዬ ልመለስ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማቃጠሉም ማሳከኩም መላ አላቸው። እኔን ያስደነገጠኝ «ደግነቱ» ብለሽ የጻፍሽው ነው። ያ የማያመው ቦታ ካሉሽ ቦታዎች ሁሉ የባሰው ነው።

ከእሱ እንጀምር። ኢንሱሊን ስኳር ከማውረዱ ሌላ ስብንም ያሳድጋል። አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም እዚያ ያለው ስብ እየወፈረ ይሄዳል። እንጀራ ስትጋግሪ ሊጡን ከዳር ጀምረሽ እያዞርሽ ወደ መሀል ትገቢያለሽ አይደል? አንዱ ጋ ደጋግመሽ ካፈሰስሽ እዚያ ይወፍራል፣ ዓይንም አያወጣም። የሆድሽ ቆዳም እንደዚያው ነው። ያበጠው ቦታ ስሜቱ ደነዝ ስለሚል ሲወጉት አያምም። ስለማያም ሰው ይወደዋል። ስለሚወደው ይደጋግመዋል። ሲደጋግመው ደግሞ ይብስ ያብጣል። ኢንሱሊኑ ከዚያ እብጠት የሚወጣው እንደፈለገው ነው፤ ዛሬ ይዘገያል፣ ነገ የተጠራቀመው ባንዴ ይለቀቃል። «ያለ ምክንያት» ያልሽው የስኳር መውጣትና መውረድ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ማታ ገላሽን ስትታጠቢ እጅሽን በሳሙና አርጥቢና በሦስት ጣት ሆድሽን ዳብሺው። ሳሙናው ጣትሽን ያንሸራትተዋል። ደህና ቦታ ላይ ለስላሳ ሆኖ ያልፋል፤ እብጠቱ ጋ ስትደርሺ ጎማ ጎማ ይልሻል። በዓይን የማይታይ በእጅ ግን የሚገኝ እብጠት ብዙ ነው። ያገኘሽውን በእስክርቢቶ ክበቢውና ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ቢያንስ ሦስት ወር ድርሽ አትበይ። አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከእብጠቱ ወጥተሽ ደህና ቆዳ ላይ ስትተክዪ ያው መጠን ኢንሱሊን የበለጠ ይሠራል። ሳታስቢው ስኳርሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቦታ ከመቀየርሽ በፊት ለሚከታተልሽ ሐኪም ንገሪ፤ መጠኑን መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመተኛትሽ በፊትም፣ ሌሊት አንዴም ተነስተሽ ለኪ። ስኳርና ከረሜላ ከራስጌሽ አይጥፋ።

አሁን ወደ አምስት ስድስት ቀኑ እንምጣ። መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ። ቆዳ ላይ የሚተከለውን፣ ቱቦና ፕላስተር ያለውን ዕቃ ፈረንጆቹ «ሴት» ይሉታል። አንድ ጎልማሳ ታካሚያችን ተራ እየጠበቀ፣ አጠገቡ ለተቀመጡት እናት «በየሦስት ቀኑ ሴት ቀይር ተብያለሁ» ብሏቸው ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። እናትየው አማተቡ። ከዚያ ወዲህ እኔ «መትከያ» ነው የምለው።

ሒሳብሽ ገብቶኛል። አንድ ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 መትከያ አለ። በሦስት ቀን ከቀየርሽ ለወር ትበቃለች። ስድስት ቀን ካቆየሻት ሁለት ወር ትገፋለች። ሻንጣ እየጠበቀ የሚኖር ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሰውነት ግን የሻንጣውን ቀን አይቆጥርም። ከቆዳሽ ሥር የገባችው ለስላሳ ቱቦ ለሰውነትሽ እንደ እሾህ ናት፤ ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ይዋጋታል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ዙሪያዋ መቆጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን ማቃጠል ይጨምራል፣ ኢንሱሊኑ በደንብ አይሰርግም፣ ጀርምም መንገድ ያገኛል። ለስላሳዋ ቱቦ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ነው ዕድሜዋ። ጫፏ የብረት መርፌ የሆነችው ደግሞ በሁለት ቀን ትነሳለች። ሰባት ቀን እንዲቆይ ተብሎ የተሠራም አለ፤ ይሄ ግን ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ካልተጻፈ የለም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የሚያቃጥልሽ ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከአራተኛው? ከአራተኛው ከሆነ መልሱን ራስሽ አግኝተሽዋል።

ከመጀመሪያው ቀን የሚያቃጥል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን መሆንሽን አትርሺ። ከፍሪጅ የወጣ ኢንሱሊን፣ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ጠዋት! ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ሲገባ ይቆጠቁጣል። የፓምፑን የኢንሱሊን ማጠራቀሚያ ከመሙላትሽ በፊት ብልቃጡን አውጥተሽ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂው። ይሄ ለአየር አረፋም ይጠቅምሻል፤ ቀዝቃዛው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ነው አረፋ የሚያወጣው። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጪው። በውርጩ ወቅት ደግሞ መስኮት ላይ አይደር። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣላል።

ሁለተኛው አልኮሉ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ቸኩለን ጠርገን ወዲያው ስንወጋ እያየሽ ነው ያደግሽው፤ ጥፋቱ የኛ ነው። እርጥብ አልኮል ከመርፌው ጋር አብሮ ይገባና ይለበልባል። ፕላስተሩም በደንብ አይዝም። ጠርገሽ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ። በአፍሽ እፍ አትበዪበት።

ሦስተኛው ብዛቱና ፍጥነቱ ነው። ለምሳ ብዙ ኢንሱሊን ባንዴ ሲገፋ ሥጋው ይወጠራል። በኢንሱሊኑ ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካልም ለአንዳንድ ሰው ያቃጥላል። ብዙ ፓምፖች ላይ ለምግብ የሚሰጠውን ቀስ አድርጎ የሚለቅ ምርጫ አለ። ማውጫው ውስጥ ፈልጊው። ካላገኘሽው ፓምፑን ይዘሽ ነይና አብረን እንፈልገዋለን። እኔም ብዙውን የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ እኛ ጋ ፓምፕ ያደረጉት በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አስተማሪዎቼ እነሱ ናቸው።

ማቃጠል ሳይሆን ስታጎነብሺ፣ ደረጃ ስትወጪ ውስጥ ድረስ የሚወጋ ዓይነት ሕመም ከሆነስ? ቱቦዋ ጡንቻ ነክታለች ማለት ነው። ቆዳ ራሱ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ ስብ አለ፤ ኢንሱሊኑ የሚፈለገው እዚያ ነው። ከስቡ ሥር ጡንቻ። ሰውነትሽ ቀጭን ከሆነና እህትሽ የላከችው 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስቡን አልፎ ይሄዳል። ሳጥኑን እይው። 6 ሚሊ ሜትር የሚል አለ፤ ለቀጭን ሰው እሱ ይሻላል። ገደድ ብሎ የሚገባም አለ፤ ስብ ለሌለው ሆድ ጥሩ ነው፣ ግን እጅ ይፈልጋል። ሲተክሉት ትንሽ ማመሙ ያለ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልተወሽ ግን ጥሩ ቦታ አልገባምና አውጪው። «አንዴ ገባ፣ ላባክነው አይገባም» ብለሽ ሦስት ቀን አትሠቃዪ።

የመርፌው ሕመም ራሱ የሚያስፈራሽ ከሆነ የሚያደነዝዝ ቅባት አለ። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የያዘ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ተቀብቶ፣ ከዚያ በደንብ ተጠርጎ ይተከላል። ለልጆች እመክረዋለሁ። ለትልቅ ሰው ግን ተቀምጦ፣ ሆድን አላልቶ፣ ትንፋሽ እያወጡ ቶሎ መትከሉ ይበቃል። እያመነታ ቀስ ብሎ የሚወጋ ሰው ነው በጣም የሚያመው።

ማሳከኩን ለማወቅ ቅርጹን እይ። ቅላቱ ልክ እንደ ፕላስተሩ ቅርጽ ከሆነ፣ ጠርዙ ተቆርጦ የተሠራ ከመሰለ፣ ጠላትሽ ሙጫው ነው። ቀዳዳዋ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ቱቦዋ ወይም ኢንፌክሽን ነው። ለሙጫው እንዲህ አድርጊ፦ ቦታውን በውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቢና አድርቂ። ቅባትም ቫዝሊንም አትቀቢ። ከፕላስተሩ በፊት ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን የሚሠራ መጥረጊያ አለ፤ እህትሽ ከመትከያው ጋር ብትልክልሽ ጥሩ ነው። ስታነሺው ደግሞ ቦጭቀሽ አትንቀዪው። ጠርዙን በትንሽ ዘይት አርጥቢ፣ ቆዳውን በአንድ እጅሽ ተጫኚ፣ በሌላው ቀስ ብለሽ አጥፊው። ከተነሳ በኋላ የሚያሳክክ ቅላት ከቀረ ቀለል ያለ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ግን ቅባቱ ባለበት ቦታ ላይ አዲስ አይተከልም። ውኃ ከቋጠረ ወይም ካዠ ሐኪም ይየው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እንዳትለጥፊበት። አንዲት እናት ለልጃቸው ነጭ ሽንኩርት አስረውበት፣ ከስኳሩ በላይ ያን ቁስል ስናክም ከርመናል።

ፕላስተሩ ላይ አንድ ነገር አሽትቺ። አዎ፣ አሽትቺ። ኢንሱሊን የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ የመድኃኒት ሽታ አለው። ፕላስተሩ እርጥብ ሆኖ ያ ሽታ ከመጣ ኢንሱሊኑ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። ሰውነትሽ አልደረሰውም። ስታወጪው ደግሞ ቱቦዋን ወደ መብራት ይዘሽ እያት። ቀጥ ያለች መሆን አለባት። እንደ መንጠቆ ታጥፋ የምትወጣበት ጊዜ አለ። ውስጧ ደም ካለ፣ ወይም ከታጠፈች፣ የዚያን ቀን ስኳርሽ ለምን እንደወጣ ገባሽ።

ልብስሽንም እናስብ። ሥራ ስትሄጂ የሱሪው ወገብ፣ እሑድ ቀሚስ ስትለብሺ መቀነቱ። መቀነት ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ነገር ነው፤ ቱቦዋ ላይ ካረፈ ቀኑን ሙሉ ሲፈትጋት ይውላል። ቆመሽ ሳይሆን ለብሰሽና ተቀምጠሽ የሚያርፍበትን መስመር እይ፤ ከዚያ መስመር ወጣ አድርገሽ ትከዪ። ከእምብርት ሦስት ጣት፣ ካለፈው ቦታ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጣት ራቂ። ሆድ ብቻ አይደለም ቦታው፤ ከወገብ በታች የመቀመጫ የላይኛው ጎን፣ የጭን ውጪኛው ጎን፣ የክንድ ጀርባም አለ። ሰሙነ ሕማማት ስግደት የምትሰግጂ ከሆነ የመቀመጫው የላይኛው ጎን ይሻልሻል፤ ሆድ ላይ ያለው በየስግደቱ ይጨመቃል። ጠበል ስትጠመቂ ፓምፑን ከመትከያው ፈትተሽ ክዳኗን ክደኚ። ከአንድ ሰዓት በላይ ግን አትቆዪ።

ቅዳሜና እሑድ ሸዋ ሮቢት የምትወርጂ ከሆነ መንገዱም አስተዋጽኦ አለው። ቆላ ስትገቢ ላብ ነው፣ ፕላስተሩ ይላላል፣ የላላው ቱቦዋን ያንቀሳቅሳታል፣ ያኔ ያማል። የምትተክዪው ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ደብረ ብርሃን ቆዳሽ ደርቆ እያለ ቢሆን ይመረጣል። ስትመለሺ ደግሞ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስተሽ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጫለሽ። ጆሮሽ ጧ የሚለው ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ በኢንሱሊኑ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ የነበረውም ያብጣል፤ ትንሽ ኢንሱሊን ሳታዥው ሊገፋብሽ ይችላል። ቤት ስትደርሺ ከፓምፑ ወደ መትከያው የሚሄደውን ረጅሙን ቱቦ እይ። አረፋ ካለ መጀመሪያ ፓምፑን ከሰውነትሽ ፍቺው፣ ከዚያ አረፋውን ገፍተሽ አስወጪ። አረፋ ከቆዳ ሥር ቢገባ አይገድልም፤ ብዙ ሰው ይፈራዋል። ጉዳቱ የኢንሱሊኑን ቦታ መያዙ ነው። ስኳርሽ መንገድ ላይ ቢወርድ ደግሞ ከረሜላ ወይም ለስላሳ ያዢ። የደብረ ሲናን ቆሎ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ለወረደ ስኳር ቶሎ አይደርስም።

አሁን የማልቀልድበት። ከጣትሽ ጥፍር የሚሰፋ ቅላት፣ ሙቀት፣ የሚጠዘጥዝ እብጠት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሽ መትከያውን ወዲያው አውጪ። ሌላ ጎን ላይ አዲስ ትከዪ። አትጭመቂው። የቅላቱን ዳር በእስክርቢቶ አስምሪበትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። አንድ ጊዜ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ «ያመኛል» ሲለኝ፣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው ብዬ «ትንሽ ቻለው» አልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ በምላጭ ተከፍቶ መግሉ ወጣ። ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር ያቺ ቃል ትዝ ትለኛለች። ለዚህ ነው ለአንቺም «ቻዪው» የማልልሽ።

ሌላው ኪቶን ነው፤ ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ እያቃጠለ ደም ውስጥ የሚያጠራቅመው አሲድ። ፓምፕ ውስጥ ያለው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ ቀን ሙሉ የሚቆይ ኢንሱሊን ሰውነትሽ ውስጥ የለም። ቱቦዋ ከተዘጋች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኪቶን ይጀምራል። ቦታው እያመመሽ ስኳርሽ ከ250 በላይ ከሆነ፣ በፓምፑ ላውርደው አትበዪ። በሲሪንጅ ወይም በብዕር መርፌ ተወጊ፣ መትከያውን ቀይሪ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ለኪ። ስንት እንደምትወጊ ቀደም ብለሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ በወረቀት ያዢ። የሽንት ኪቶን መለኪያ ቤትሽ ይኑር። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ደመና የመሰለውን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤችም ይሁን ድብልቁ፣ ፓምፕ ውስጥ በጭራሽ አታስገቢ።

«ወደ መርፌዬ ልመለስ?» ላልሽው፣ ነውር የለውም። አንዳንዱ ሰው ፓምፕ አንዴ ከወጡበት የማይወረድበት ፎቅ ይመስለዋል። መትከያው የማይበቃሽ ከሆነ አንዱን ስድስት ቀን ከምትጎትቺ፣ ትምህርት ባለበት ወራት በሦስት ቀን እየቀየርሽ ተጠቀሚበት፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በመርፌ ቆዪ። ግን አንድ ቀን ተነስተሽ ብቻ አትንቀዪው። ቀን ሙሉ የሚቆየው ኢንሱሊን መቼና ስንት እንደሚጀመር የሚከታተልሽ ሐኪም ይወስንልሽ።

ለእህትሽ ስትደውዪ የፓምፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቢላት። መጋጠሚያው ከፓምፕ ፓምፕ ይለያያል፤ የማይገጥም ሳጥን ከባሕር ማዶ ተልኮ ሲመጣ አይቻለሁ። 6 ሚሊ ሜትር መሆኑን ንገሪያት፤ የብረቷንም ጥቂት ትላክልሽና ሞክሪያት፣ ቶሎ ብትቀየርም አትታጠፍም።

ለክትትል ስትመጪ ያወጣሻቸውን የመጨረሻ ሦስት መትከያዎች አትጣያቸው። ጠንካራ የክኒን ዕቃ ውስጥ ክተቻቸው፤ እያንዳንዷ ላይ የተተከለችበትን ቦታና ስንት ቀን እንደቆየች ጻፊባት። የሆድሽን ፎቶም አታጥፊው። ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አብረን እናያቸዋለን።